ሳሎኑ ታደሰ፤ እኔንስ ማን ያድሰኝ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በዚህ ቤት የምፈራው አንድ ቃል ነው፤ «ምንም አንገዛም» የሚለውን። «ሶፋ ይቀየር» ሲሉኝ መልስ አለኝ። የጤፍን ዋጋ አነሳለሁ፣ የጡረታዬን ልክ አስታውሳቸዋለሁ፣ ጉልበቴን ይዤ ትንሽ አቃስታለሁ፤ ነገሩ እዚያው ይቀበራል። «መጋረጃው አርጅቷል» ሲሉም «እኔስ?» እላለሁ። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ በእኔ በኩል ስለሚያልፍ ደጃፉ ላይ ቆሜ እመልሰዋለሁ። «ምንም ሳንገዛ ሳሎኑን እናድስ» ሲባል ግን ምን ብዬ ልከልክል? ኪሴን አልነኩም። ገንዘብ የማያወጣ ሰው ደግሞ ማንንም አያስፈቅድም።

የዘንድሮውን መከራ ያመጣችብኝ ጳጉሜን ናት። እንቁጣጣሽ ደርሷል፤ ቤቱ የክረምቱን ጭቃና ርጥበት ጠጥቷል፤ ኪሳችን በልጅ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ተራቁቷል። በዚህ መሀል ትንሿ ልጄ ስልኳ ላይ አንዲት ፈረንጅ አየች። ሴትየዋ ሶፋዋን ከግድግዳ ነቅላ መሀል ቤት አቆመች። ከመኝታ ቤት ትራስ አምጥታ ወረወረችበት። መጻሕፍቷን በቀለማቸው ደረደረች። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። አለቀ፤ ሳሎኗ ታደሰ። ልጄ በሶፋው ተደነቀች። እኔ የተደነቅሁት በሁለቱ እርምጃዎች ነው። ያን ሁሉ ቦታ ከየት አመጣችው? በእኛ ሳሎን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ራሱን ኩሽና ውስጥ ነው የሚያገኘው።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ዕጣ ከወጣላቸው ዕድለኞች ነን፤ ስለ ዕጣው አላማርርም፣ ተመዝግበው ሲጠብቁ ያረጁ ጓደኞች አሉኝና። ቤቱ ሲነደፍ ግን ሰው እንደሚኖርበት ታስቦ ይሆናል እንጂ ሶፋ እንደሚገባበት ማንም ያሰበ አይመስለኝም። አንዱ ግድግዳ ላይ መስኮትና የበረንዳ በር አለ። አንዱ ላይ የመግቢያው በር ተቀምጧል። አንዱን ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ተካፍለውታል፤ አራተኛው ላይ የመኝታ ቤቶቹ በሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ለሰው የተረፈው መሀሉ ነው። ሶፋችን ደግሞ ግቢ ቤት በምንኖርበት ዘመን አናጺ የሠራው ነው፤ ባለ ሦስት፣ ባለ ሁለትና ባለ አንድ፣ ክንዱ እንደ ሰንጋ ሻኛ ያበጠ። ሕንፃው ሊፍት የሚባል ነገር የለውም። ሶፋውን በደረጃ ያወጡት ወዛደሮች በየፎቁ እያረፉ የሰደቡኝ ስድብ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። እናም በዚህ ሳሎን ያ ሶፋ የሚቆምበት መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ የነበረበት ነው፤ ሌላኛው በር የሚዘጋበት ነው።

ልጄ ሦስተኛ መንገድ አገኘች። ባለ ሦስቱንና ባለ ሁለቱን ፊት ለፊት አፋጠጠቻቸው፤ ቴሌቪዥኑን እንደ ተቀጣ ተማሪ ጥግ አስያዘችው።

ከዚያ በፊት ግን ሶፋው ከቦታው መነሳት ነበረበት። ተነሳ። የወለሉ ላስቲክ ላይ አራት ጉድጓዶች ታዩ፤ በመሀላቸው የላስቲኩ አበባ ዛሬ የተገዛ ይመስል ቀይ ነው። ሌላው ወለል ምን ያህል እንደገረጣ የገባን ያኔ ነው። የሶፋውን ስፖንጅ አንስተን ስፌቱ መሀል እጃችንን ስንሰድ የቤተሰቡ ታሪክ መውጣት ጀመረ፤ የሪሞቱ የባትሪ ክዳን፣ የባለቤቴ ኪሮሽ፣ አንድ እግሩ የጎደለ የማንበቢያ መነጽሬ፣ ጠንካራ የገብስ ቆሎ፣ ዋጋው የሞተ ስሙኒ። በመጨረሻ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ልጄ ዘርግታ አየችና እልል አለች። መቶ ብር!

እኔም ደስ ብሎኝ አየሁት፤ ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አሮጌው መቶ ብር ነው። መስከረም 2013 ላይ መንግሥት አሥሩን፣ ሃምሳውንና መቶውን ቀይሮ ባለ ሁለት መቶውን ሲጨምር፣ አገር ሁሉ ባንክ ደጅ ሲሰለፍ፣ እኛ ይህን ብር ተቀምጠንበት ነበር። ነገር እያሳመርኩ እንዳይመስላችሁ፤ በቁሙ ተቀምጠንበት ነበር። የመለወጫው ጊዜ ካለፈ ዓመታት ሆነው። አያችሁ? ገና ምንም ሳንገዛ መቶ ብር ከሰርን። ሶፋው ባይነሳ ኖሮ ይህን ኪሳራ አናውቀውም ነበር፤ ያላወቁት ኪሳራ ደግሞ ራት አያስተውም።

ቀጥሎ መስኮቱ መጣ። ልጄ ሙያ አላት፤ ይህን አልክድም። ኮምጣጤ በውኃ በጥብጣ ረጨችው፣ በጨርቅ አሸችው፣ ከዚያ በጋዜጣ ፈተገችው። ጋዜጣ እንደ ጨርቅ ብናኝ ስለማይተው መስታወቱ ይፍለቀለቃል፤ ይህን የቤት ሙያ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ጥያቄው ጋዜጣው የማን ነው የሚለው ነበር። ከአልጋዬ ሥር በካርቶን ያኖርኩት «አዲስ ዘመን» ነው! በ1933 ዓ.ም. ተመሥርቶ ንጉሡን፣ ደርግንና ኢሕአዴግን ያሳለፈ ጋዜጣ፣ በስተመጨረሻ በእኔ ቤት የመስኮት መወልወያ ሆኖ አረፈ።

«አባዬ፣ የቆየ ጋዜጣ እኮ ነው!»

«የዛሬውንማ ማን ያስቀምጣል?»

አልመለሰችልኝም። ርዕሰ አንቀጽ እየጨመቀች ነበር።

ብርሃን ገባ። ብዙ ገባ። ብርሃን ግን መርጦ አያበራም። የክረምቱ ርጥበት ጣሪያው ላይ የሳለው ካርታ ታየ፤ ከኩሽናው በር በላይ የተሰነጠቀው ግድግዳ ታየ፤ ትልቋን ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው ዶሮ ወጥ ደግሞ ከነቅርጹ ብቅ አለ። መስኮቱ ቆሻሻ በነበረ ጊዜ ቤታችን ንጹሕ ነበር።

ይህ እንዳይበቃን ልጄ ትልቁን የመኝታ ቤት መስታወት አውጥታ ከመስኮቱ ትይዩ አቆመችው። የሚገባውን ብርሃን መልሶ ስለሚረጨው ክፍሉ ሰፊ ይመስላል አለች። እውነቷን ነው፤ ይመስላል። ነገር ግን ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ አንድ ሽበታም ሰው በፒጃማ ፊት ለፊቴ ይመጣብኛል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት «እንደምን አደሩ?» ብዬዋለሁ። እሱም እጅ ነሣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ግን በጣም አርጅቷል።

አሁን ወደ ዋናው በደል ልምጣ። መስኮቱ ሥር የእኔ ወንበር ነበረ። ባለ ክንድ የእንጨት ወንበር ነው፤ ስፖንጁ የእኔን አቀማመጥ ከለመደ ቆይቷል፣ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ያንሸራትተዋል። ከዚያ ሆኜ ጠዋት ፀሐይ እሞቃለሁ፤ የሕንፃውን ገቢና ወጪ እቆጣጠራለሁ፤ ውኃ ሲመጣ ለጎረቤት የምናገረው እኔ ነኝ፤ የማን ልጅ ስንት ሰዓት እንደገባ የምመሰክረውም እኔው ነኝ። «መስኮቱ ነፃ ይሁን» ተባለና ወንበሬ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ተዛወረ። ሠላሳ ዓመት መንግሥት ያገለገለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ተዛወረ! አሁን ወደ መታጠቢያ ቤት የሚገባ ሁሉ «ይቅርታ አባዬ» እያለ ጉልበቴን ረግጦ ያልፋል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ተነስቼ ስቀበለው መንገድ እየመራሁት ይመስለዋል።

በወጣትነቴ ሥራ ሐረር ልኮኝ ነበር። ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በመዘገባት በዚያች ከተማ፣ የሐረሪዎች ቤት ገብቼ ቡና ጠጥቻለሁ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ዋናው ክፍል ይቀበላችኋል፤ ጊዲር ጋር ይሉታል። ወንበር የለም። መቀመጫው ከወለሉ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ነደባ ይባላል፤ አምስት ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ሲሠራ አብሮ ተወስኗል፤ ለአባወራው አሚር ነደባ አለለት። ግድግዳው በሴቶቹ የስፌት ሥራና በሳህን ተሸፍኗል። መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማሰብ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ቤቱን ለማደስ ሲፈልጉ ቀዩን ቀለም ይደግሙታል፣ ምንጣፉን ያራግፋሉ፣ ስፌቱን አቧራ አራግፈው ይመልሱታል። ነደባው ግን ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ስለሆነ ስልክ ያየች ልጅ ሁሉ ተነስታ አታዞረውም። ሥልጣኔ ይህ ነው። አሚር ነደባን መታጠቢያ ቤት በር ላይ ያስቀመጠ ሰው ሐረር ውስጥ አልሰማሁም።

እናቴማ ሐረርንም ፈረንጅንም ሳታይ ነው ይህን ጥበብ ያወቀችው። እኛ ሸዋ ገጠር ነን። በዓል ሲደርስ ለጋ እበት ከአፈርና ከውኃ ጋር ታቦካለች፤ ከዚያ ተንበርክካ ወለሉን በመዳፏ ትለቀልቃለች፤ ከጓዳ ጀምራ ወደ በሩ እያፈገፈገች፣ እጇ በሄደበት ሁሉ የግማሽ ጨረቃ ፈለግ እየተወ። ሲደርቅ ስንጥቁ ተደፍኗል፣ አቧራው ተኝቷል፣ ቁንጫውም ቦታ አጥቷል። ግድግዳውን በነጭ አፈር ትቀባዋለች፤ በማግሥቱ ከወንዝ ዳር ቄጤማ ታጭዳለች፣ እጣን ትጥላለች። ቤቱ አዲስ ሆኖ ያድራል፤ አምስት ሳንቲም አልወጣባትም። ከሁሉ በላይ ግን፣ አያቴ መደቡ ላይ እንደተጋደሙ ነበሩ። አላስነሳቻቸውም። ዙሪያቸውን ለቅልቃ አለፈች።

የእኔዋ ልጅ ግን ዙሪያ መለቅለቅ አታውቅም። ወደ ግድግዳው ዞረች። ግድግዳችን ላይ ምን አለ? የልጆቹ የምረቃ ፎቶ ከነጋዋኑ፣ የሠርጋችን ፎቶ፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ የቆመ የግድግዳ ሰዓት፣ የቀን መቁጠሪያ። ሥዕሏን እግዚአብሔር ይስጣት አልነካችም። ሰዓቱን አወረደችው፤ «ካልሠራ ምን ያደርጋል?» አለች፤ እኔም በዚህ ሕግ ተራዬ መቼ እንደሚደርስ እያሰብኩ ዝም አልኩ። የምረቃ ፎቶዎቹን አሰባስባ በአንድ ግድግዳ ልትሰቅል ተነሳች። እዚህ ላይ ብሎኬቱ ተበቀለልኝ። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፤ ሚስማሩ ቦታውን ከሳተ ገብቶ ይሰምጣል፣ ከዚያ ከእፍኝ ልስን ጋር ተመልሶ ይወድቃል። ፎቶዎቹ ሲደራጁ ግድግዳው የተተኮሰበት መሰለ። በኋላ ቀዳዳዎቹን በፎቶ ሸፈነቻቸው፤ ፎቶ ሲያልቅ የቀበሌ መታወቂያዬን ፎቶ አስጎልታ ትሰቅላለች ብዬ ሰግቼ ነበር።

የቀን መቁጠሪያው ግን «አያምርም» ተብሎ ወረደ። መቼ? በጳጉሜን! ከአሥራ ሦስቱ ወር መርጣ፣ አምስት ቀን ይሁን ስድስት ሰው በሚጠያየቅባት ወር!

በባዶው ቦታ ሰፌድ ተሰቀለ። የእናቴ ሰፌድ ነው፤ ባለ ቀለም አክርማ፣ ጠርዙ በቆዳ የተያዘ። መሀል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አምሯል፤ ሐረርን ያየ ሰው ይህን መካድ አይችልም። ባለቤቴም አየችውና «ያምራል» አለች። በማግሥቱ ምስር መልቀም ነበረባት። በርጩማ ላይ ወጥታ ሰፌዱን አወረደች፣ ምስሯን አበጠረች፣ አራግፋ መልሳ ሰቀለች። አሁን ሳሎናችን ውስጥ የጥበብ ሥራው ከግድግዳ ሲወርድ ወጥ ሊሠራ እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

ዳንቴሉ ላይ ግን እናትና ልጅ ጦር ተማዘዙ። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ሣጥን ነበር፤ ወደ እኛ ቤት የደረሰውም ከብዙ ዓመት በኋላ ከነሣጥኑ ነው። ከላይ ጠረጴዛ የሚያህል ቦታ ነበረው፤ ባለቤቴ በኪሮሽ የሠራችውን ዳንቴል ታለብሰዋለች፣ በላዩ የላስቲክ አበባ ታቆማለች። የአሁኑ ቴሌቪዥን ቀጭን ነው፤ ዳንቴል አይሸከምም። ስለዚህ ዳንቴሎቹ ወደ ሶፋው ክንድ፣ ወደ ራስጌው፣ ወደ ራዲዮው፣ ወደ ስልኩ ጠረጴዛ ተሰደው ነበር። ልጄ በአንድ ጧት ሰብስባ ጆንያ ውስጥ ከተተቻቸው፤ «ቤቱ ይተንፍስ» አለች። ባለቤቴ አልተከራከረችም። ሌሊት ሌሊት ግን ዳንቴሎቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ጠዋት አንዱ ራዲዮው ላይ ነው፤ በማግሥቱ ሌላው ሶፋው ላይ። ማንም አላመጣቸውም፤ ማንም አይጠይቅም።

ከሳሎን የወጣው ዕቃ ሁሉ የት ሄደ? ያቺ ፈረንጅ ያላሳየችን ይህን ነው። ካሜራዋ ሳሎን እንጂ መኝታ ቤት አልገባም። የእኛው ግን መኝታ ቤቴ ገባ። ባለ አንዱ ሶፋ፣ የቆመው ሰዓት፣ ትርፉ ጠረጴዛ፣ ሁለት የላስቲክ አበባዎች አሁን አልጋዬን ከበው ቆመዋል። ሳሎኑ ተነፈሰ፤ እኔ ታፈንኩ። ሌሊት ለውኃ ስነሳ እግሬ የሚያገኘውን ነገር ስም እየጠራሁ ነው የምሄደው።

«ለቁራሌው እንስጠው» አለች ልጄ። ጠዋት ጠዋት «ቁራሌው!» እያለ የሚያልፈው ልጅ አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስና የተሰበረ ዕቃ ሰብስቦ ይሄዳል፤ ዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። ከዚህ በላይ ቁጠባ የሚያውቅ ሰው አላየሁም፤ የዛሬ ወጣቶች ስም አውጥተውለት ስልጠና የሚወስዱበትን ነገር እሱ በጆንያ ይዞት ይዞራል። ነገር ግን ራዲዮኔ ላይ ዓይኑን ጣለ። ድምፅ ካጣች ቆይታለች፤ ቢሆንም የስንቱን መንግሥት አዋጅ የነገረችኝ እሷ ናት። አቅፌያት ገባሁ።

ራዲዮኔን ሳድን ኮቴን ተነጠቅሁ። የልዋጯ ሴትዮ በተመሳሳይ ሳምንት መጣች። እሷ ገንዘብ አትፈልግም፤ ያረጀ ልብስና ጫማ ትወስዳለች፣ በምትኩ የፕላስቲክ ዕቃ ትሰጣለች። ባለቤቴ ግራጫ ኮቴን ሰጥታ ሰማያዊ ሳፋ ተቀበለች። «ምን ልሁን ነው?» ብላት፣ «አልገዛሁም እኮ!» አለችኝ። ሕጉ አልተጣሰም። ገንዘብ አልወጣም፤ የወጣው ኮቴ ነው። ለቅሶ ቤት ሳፋ ለብሼ አልሄድ!

ይህ ሁሉ ሆኖ እንቁጣጣሽ ገባ። ቄጤማው ተጎዘጎዘ፣ አደይ አበባው በጠርሙስ ቆመ፣ እጣኑ ጨሰ፣ ቡናው ተፈላ። ጎረቤታችን እትዬ ገቡና በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ዙሪያውን አዩ፣ መስታወቱን አዩ፣ ሶፋውን አዩ።

«ዕቁብ ወጣላችሁ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልገዛንም!» አለች ልጄ በኩራት።

እትዬም ሳቁ። ማን ያምናል? በአገራችን ቤቱ አምሮ «ምንም አላወጣንም» የሚል ሰው ብድር እየሸሸ ነው። እስከ ማታ ወሬው አራቱንም ፎቅ አዳረሰ። በሳምንቱ አንድ የሩቅ ዘመድ ጉልበቱን አሞት «እንዲያው ለአጭር ጊዜ አበድሩኝ» ብሎ መጣ። እሱን ሸኝተን ሳናበቃ አሜሪካ ያለችው ልጃችን በቪዲዮ ደወለች። ታናሿ ስልኩን ይዛ ሳሎኑን አዞረቻት። «ውይ! እንዴት ያምራል! እኔ እኮ ለበዓል የሆነች ነገር ልልክላችሁ እያሰብኩ ነበር፤ ደህና ናችሁ ማለት ነው» አለችና ስለ በረዶ ማውራት ጀመረች። እንግዲህ አስሉት፤ የሞተ መቶ ብር፣ አንድ ኮት፣ ለዘመድ የተሰጠች ብር፣ ሳይላክ የቀረ የበዓል ገንዘብ። ሶፋ ብንገዛ ይሻለን ነበር።

አንድ ምሽት ደግሞ መብራት ጠፋ። ቀድሞ ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ተሰልፈን እንቀመጥ ስለነበር መብራት ሲጠፋ የጠቆረውን መስታወት እያየን እናንቀላፋ ነበር። አሁን ሶፋዎቹ ተፋጠዋል። ሻማ መሀል ጠረጴዛው ላይ በራ፤ ባለቤቴም ፊት ለፊቴ ነበረች። ለካ ብዙ የምትለው ነበራት። የእኔን እናት ስለ ጠየቅንበት ሁኔታ፣ ከሰው ተበድሬ ስለ ገዛሁት መሬት፣ ስለዚያ ስለ ግራጫው ኮት ሳይቀር። ሰው በአንድ አቅጣጫ ተቀምጦ የማይጨዋወተውን ፊት ለፊት ሲቀመጥ ይጨዋወታል፤ ልጆቹም ስልካቸውን አስቀምጠው ሰሙ፣ ሳቁም። ቴሌቪዥኑ ስንት ዓመት እንደ ጠበቀኝ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

በዚህ ሁሉ ግርግር ከቦታው ያልተነቃነቀ አንድ ነገር አለ፤ ቡፌው። ልጄ ሶፋ ነቅላ፣ ግድግዳ ወግታ፣ አባቷን አፈናቅላ፣ ቡፌው ጋ ስትደርስ ቆመች። ቁልፉ እናቷ መቀነት ላይ ነው። በመስታወቱ ውስጥ አፋቸው ወርቅማ የሆነ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ሁለቱ ውስጥ ከፋብሪካ የመጣው ወረቀት እንደተጠቀለለ ነው። የሻይ ሸክላው የዋጋ ወረቀቱን ይዟል። በዋጋው ዛሬ ሁለት እንጀራ አይገዛም፤ ምን ያህል እንደቆየ ከዚህ ገምቱ። እንዲሁም አንድ ፔርሙዝ፣ ሳጥኑ ያልተከፈተ ማንኪያና ሹካ አለ። ሁሉም ለእንግዳ ነው። እንግዳው ማን እንደሆነ ጠይቄ አውቃለሁ፤ መልስ አላገኘሁም። እትዬ ሲመጡ አልወጣም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ «ይሰበራል» ተብሎ ከጎረቤት ብርጭቆ ተዋስን። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ሻይ የምጠጣው ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ነው። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ይሏል ይሄ ነው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ ምንም ሳይገዛ ቤት ማደስ ከፈለጋችሁ ፈረንጇን ተዉና ከእኔ ስሙ። መስኮቱን እጠቡ፤ ጋዜጣ ግን ጎረቤት ጠይቁ። ሶፋዎቹን አፋጥጡ፤ ቴሌቪዥኑን ጥግ አስይዙት፤ ሚስት ያላችሁ ግን መጀመሪያ መልሳችሁን አዘጋጁ። የእናትን ሰፌድ ስቀሉ፤ ምስር የሚለቀምበትን ቀን ጠይቃችሁ። ያወጣችሁትን ዕቃ ሽማግሌ አልጋ ሥር አትደብቁ፤ የማትፈልጉትን ለሚፈልገው ስጡ። የሰው ኮት ግን ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ በሳፋ አትለውጡ። ሽማግሌው የተቀመጠበትን ወንበር አትንኩ፤ እናቴ እንዳደረገችው ዙሪያውን ለቅልቃችሁ እለፉ።

እናንተ እናቶች ደግሞ ቡፌውን ክፈቱ። በየቤታችን አዲስ ዕቃ አለ፤ ከተገዛ ጀምሮ ተቆልፎበት ሳይነካ የቆየ። ቤት ያፈራውን ቤተሰብ ይጠቀምበት። ወረቀቱን አውጥታችሁ ብርጭቆውን እጠቡና በዚያ ውኃ ጠጡ። ከተሰበረ ይሰበር፤ ብርጭቆ የተሠራው ሊጠጡበት ነው፤ ያ የምትጠብቁት እንግዳም እስከዛሬ አልመጣም።